የማን ባንዲራ ነው?

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ቀኑ ሲደርስ ለፈተና ይቀመጣል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ «ስመጣ ምን ላምጣልህ?» ስልክ ብትል ስግብግብ ትባላለህ። ጫማ ብትል ቁጥሩ አይገጥምም። «አንተ ብቻ በሰላም ግባልኝ» ብትል ደግሞ ቃልህን አምኖ ባዶ እጁን ይመጣል። ነቀምቴ ውስጥ ይህን ፈተና በሙሉ ነጥብ ያለፈ ሰው አላውቅም። እኔ ጥያቄውን ለጠያቂው መለስኩለት፤ «አንተ የምትወደውን ነገር አምጣልኝ» አልኩት። የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ሚኒሶታ ነው። የሚወደው ነገር ደግሞ በረዶ የሆነ ሐይቅ ሰርስሮ ዓሣ ማጥመድ ነው።

ሚኒሶታን ለማያውቅ ልንገር። ከወለጋ የወጣ ሰው የሰፈሩን ልጅ ሳይፈልግ የሚያገኝባት የአሜሪካ ግዛት ናት። ኦሮሞው ከመብዛቱ የተነሣ «ትንሿ ኦሮሚያ» ይሏታል። ግዛቲቱ በመኪና ታርጋዋ ላይ ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» ብላ ትጽፋለች። ሲቆጠሩ ግን ከ11,000 ይበልጣሉ። ያለውን አሳንሶ የሚናገር አሜሪካዊ በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው የሰማሁት። ታኅሣሥ ላይ እነዚህ ሐይቆች ከላይ ይረጋሉ፤ ሕዝቡም ወንበሩን፣ ምድጃውን፣ ልጁንና ውሻውን ይዞ ሐይቅ ላይ ይሰፍራል።

ልጁ ጥር ላይ ለዘመድ ሠርግ መጣና ይህን ሁሉ አክስቴ ቤት፣ ቡና ላይ፣ አስረዳን።

«ውኃው ላይ ትሄዳለህ?» አለች አክስቴ፣ ስኒዋን እንደያዘች።

«እሄዳለሁ እማ። በረዶው 10 ሴንቲ ሜትር ከወፈረ ሰው ይሸከማል።»

«መኪናስ?»

«30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ የቤት መኪና ይነዳበታል።»

አክስቴ በመካነ ኢየሱስ መዘምራን መካከል ቆማ ነው ያረጀችው፤ መጽሐፉን ገልጣ ሳይሆን ከደረቷ ነው የምትጠቅሰው። ስኒዋን አስቀመጠች። «ጴጥሮስም እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው» አለች።

ከዚያ ሻንጣው ተከፈተ። ቫይታሚኑ፣ የራስ ምታት ክኒኑ፣ ለማንም የማይሆነው የሕፃን ጃኬት ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ከታች ስጦታዬ ወጣ። ስሙ «ቲፕ አፕ» ነው አለኝ። ላያት ቀረብኩ። ሁለት ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ክንዶች እንደ መስቀል ይጣመራሉ። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ጫፏ ላይ ክር የተጠቀለለባት ማጠንጠኛ አለች። ከላይ ደግሞ ስትታጠፍ የምትታጠፍ፣ ስትለቀቅ ቀጥ የምትል ቀጭን የብረት ምላስ። የምላሷ ጫፍ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት ብርቱካናማ ጨርቅ ተሰፍታለች።

አሠራሩ ብልህ ነው፤ አልክድም። በረዶው በመሰርሰሪያ ይበሳል። መስቀሉ ቀዳዳው አፍ ላይ ይጋደማል፤ ማጠንጠኛዋ ውኃው ውስጥ ትሰጥማለች። ውጭ ብትቀር ክሩ ከነእርጥበቱ በረዶ ይሆንና አይላቀቅም። የብረቷ ምላስ ጎንበስ ተደርጋ በምላጭ ትያዛለች፣ እንደ ጠመንጃ። ዓሣው መንጠቆው ላይ የተሰካውን ጎርሶ ሲሸሽ ክሩ ይተረተራል፤ ማጠንጠኛዋ ስትዞር ዘንጓን ታዞራለች፤ ዘንጓ ምላጩን ታስለቅቃለች፤ ባንዲራዋም ቷ! ብላ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ባለቤቱ የሞቀ ዳሱ ውስጥ ካርታ እየተጫወተ ነው። ባንዲራውን ሲያይ ካርታውን ጥሎ ይሮጣል። የማጥመጃ ዱላ የለ፣ ክሩን በባዶ እጁ እየሳበ ዓሣውን ያወጣል። ባጭሩ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ውኃ ከሚጠብቅ ውኃው ራሱ ሰውየውን እንዲጠራው የተሠራ ዕቃ ነው።

«ውድ ነው?» አልኩት።

«ርካሹ ከ20 ዶላር በታች ነው። መግዛቱ ምንም አይደለም፤ አያያዙ ነው።»

አያያዙን ሊያስረዳኝ ሲቀመጥ ሁለተኛው ቡና ቀረበ። ክሩ ሽርብ ስለሆነ ውኃ ይይዛል። ከሐይቅ ሲመለሱ እርጥቡን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ክሩን ማበስበስ፣ መንጠቆውን ማዛግ ነው፤ ስለዚህ ክሩ በሙሉ ተዘርግቶ ቤት ውስጥ ይደርቃል። ዘንጓ የምታልፍበት ቱቦ ውስጥ በከባድ ብርድ የማይደርቅ የተለየ ቅባት ይገባል፤ ተራ ቅባት ከሆነ ይረጋና ማጠንጠኛዋ አትዞርም፤ ዓሣውም የሚጎትተው ነገር እንዳለ ሲሰማው የጎረሰውን ይተፋል። መንጠቆው ቡሽ ላይ ይሰካል፤ አለዚያ ክር ያወሳስባል፣ ጣት ይወጋል። የክሩ መጨረሻ ክንድ ያህሉ በየጊዜው በጣት ይዳሰሳል፤ እዚያ ያለው ትልቁ አዳኝ ዓሣ ባለ ጥርስ ነውና እያሻከረ ይቆርጠዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የባንዲራዋ ብረት ተጣጥፋ መክረም የለባትም፤ ጉልበቷ ያልቃል።

አክስቴ እስከ መጨረሻው በጽሞና አዳመጠች። «ልጄ» አለች፣ «በዚህ እንክብካቤ እኮ ላም ይታለባል።»

እሱ ወደ ሚኒሶታው ተመለሰ፤ ዕቃዋ ነቀምቴ ቀረች። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ብትቀመጥም፣ በረዶ የምናውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ ነው። የሚበሳ ሐይቅ ቀርቶ የሚረጋ ባልዲ የለንም። ዕቃዋን ሳጥን ላይ አስቀምጬ እንግዳ ሲመጣ እያሳየሁ መኖር እችል ነበር። ነገር ግን የሰፈሬ ሰው ዕቃ ተቀምጦ ሲያይ ያመዋል።

መላውን ያመጣው ጎሚስታው ነው። «በረዶ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ዕቃ የሚሸከም ነገር አይደለም?» ያረጀ የአይሱዙ ካላማዳሪያ ለጥፎ ነፋው። በላዩ ጣውላ አጋደመበት፤ ጣውላውን ከመሐል ቀደደው። መስቀሏ ጣውላው ላይ ተቀመጠች፤ ማጠንጠኛዋ በቀዳዳው ወረደች። ከመኪና ጎማ ላይ የወለቀ የባላንስ እርሳስ ሰጥቶ ለክሩ ክብደት አደረገልኝ። ሚኒሶታ ላይ ክረምት በሙሉ ተባብሮ የሚሠራውን ሥራ ነቀምቴ ላይ አንድ ጎሚስታ ከምሳ በፊት ጨረሰው።

ደዴሳ ይቀርበን ነበር፤ ወደ ጊምቢ ብትሄድ ታገኘዋለህ፣ ወደ በደሌ ብትሄድም ታገኘዋለህ። ነገር ግን ወራጅ ውኃ ክሩን ሳያቋርጥ ይስበዋል፤ ባንዲራዋ ያለ ዓሣ ስትነሣ ትውላለች። በዚያ ላይ ደዴሳ ጉማሬ አለው፤ አዞም አይጠፋውም። እነሱ ደግሞ ባንዲራ እስኪነሣ አይጠብቁም። ስለዚህ በስሬ፣ በባኮ አድርገን፣ ጌዶ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፈን፣ ከነካላማዳሪያችን ፊንጫ ሐይቅ ገባን።

ፊንጫ ሐይቅ የአምላክ ሥራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ግድቡ ሲሠራ የጮመን ረግረግና በዙሪያው ያለው ሜዳ ውኃ ዋጠው። ከተዋጠው ውስጥ 120 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህሉ ግጦሽ ነበር። ላም ስትግጥበት የኖረው ሜዳ ዛሬ ለአገሪቱ መብራት ያመነጫል፤ ቆሮሶና አምባዛም ያረባል። ሐይቁ ዳር የሚያገኟቸው ሽማግሌዎች «ድሮ እዚህ» ሲሉ እጃቸው የሚያመለክተው ወደ ውኃው መሐል ነው።

ዳር ላይ አስጋሪዎች መረባቸውን ይጠግኑ ነበር። ዕቃዋን ሲያዩ እጃቸውን ከሥራ አነሡ። አንደኛው አገላብጦ አያት፤ ምላጩን ነካካና ባንዲራዋ አፍንጫው ሥር ቷ! ስትል ወደ ኋላው ዘለለ።

«ይሄ ነገር ይፈቀዳል?» አለ።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራችን ብርብራ ወቅጦ ውኃ ላይ መበተንና ዓሣ ማስከር የቆየ ጥበብ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ግን መርዝና ፈንጂን ከልክሏል። ጓደኛው ትንሽ አሰበና ፈረደ፤ «ባንዲራ አልከለከለም።»

በጀልባቸው ወስደው ካላማዳሪያውን ራቅ አድርገው በድንጋይ አሰሩልን። እኛ ከዳር ያለች ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እዚህ ላይ የዕቃዋ ፍልስፍና ሥራውን መጀመር ነበረበት። ሰው ዘወር ሊል፣ ሊጫወት፣ ሊተኛ፣ ዕቃዋ ብቻዋን ልትጠብቅ። እኛ አገር ግን ብቻውን የሚጠብቅ ነገር አይታወቅም። ሐይቅ ላይ ጎማ ተንሳፍፎ፣ ጎማው ላይ መስቀል፣ መስቀሉ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ ካለ፣ ያ ነገር ይታያል። መጀመሪያ ከብት ጠባቂዎቹ መጡ። ቀጥሎ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ከነዩኒፎርማቸው። ቀጥሎ በቆሎ እሸት የምትሸጥ ሴትዮ፤ ሰው የተሰበሰበበት ገበያ ነውና። በመጨረሻ ባርኔጣቸውን ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በበትራቸው ተደግፈው መጡና ከፊት ቦታ ተለቀቀላቸው።

ይህን ጊዜ ባንዲራዋ ተነሣች።

በሚኒሶታ ሥርዓት በዚህች ቅጽበት ሁሉም ይሮጣል። እኛ ግን ባንዲራ ሲነሣ መቆም ነው ያደግንበት። ጠዋት በትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ልጆቹ መዝሙሩን ሲጀምሩ መንገደኛው ባለበት ይደርቃል፤ አህያ የሚነዳው ከነአህያው ይቆማል። በየዓመቱ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ደግሞ ለሰንደቅ ዓላማ ብቻ የተለየ ቀን አለን። ይህን ሁሉ ዓመት የተማረ እግር አንድ ዓሣ ጎረሰ ተብሎ አይሮጥም። ዩኒፎርም የለበሱት ልጆች እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ቆሙ። ከብት ጠባቂዎቹ ቆሙ። ጎሚስታው ቆመ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ስነቃ ቆሜያለሁ። በዚያ ሐይቅ አካባቢ ያልቆመ ዓሣው ብቻ ነበር።

አስጋሪዎቹ ሳቃቸውን ጨርሰው ጀልባ ሲያስነሡ መንጠቆው ባዶውን ቀርቷል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መለሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የማን ባንዲራ ነው?»

«የማንም አይደለም አባቴ። የዓሣ ነው።»

«ዓሣም ተደራጀ?»

ስለ ማጠንጠኛዋ፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ሚኒሶታ አስረዳኋቸው። ትዕግሥት ነበራቸው፤ አላቋረጡኝም። ስጨርስ በበትራቸው ወደ ካላማዳሪያው አመለከቱ። «መልካም። እንግዲህ ባንዲራህ የቆመበት ቦታ የአባቴ ግጦሽ ነው። ልጅ ሆኜ ጥጃ ጠብቄበታለሁ። ውኃው ሲመጣ ማንም ባንዲራ አልተከለበትም፤ ስለዚህ ዝም አልን። አንተ ግን ተከልክ።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። እኔ ያወጣሁት ባለ ርስት ነው። ድርድሩ ረዘም አለ፤ ሴትዮዋም በቆሎ ሸጠች። በመጨረሻ ሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ከሚያዘው ዓሣ ለግጦሹ ኪራይ ድርሻ አላቸው። ሁለተኛ፣ ዕቃዋን የሚጠብቅ የልጅ ልጃቸው ይቀጠራል። እንዲህ አድርገን ሰው እንዳይጠብቅ ለተሠራች ዕቃ ጠባቂ ቀጠርን።

ከዚያ በኋላ የሆነው የጥገና ታሪክ ነው። የዕቃው ባለቤት ተብዬ የምጠራው እኔ ነኝ እንጂ በእውነት የኖረችው በእጅ ባለሙያ ቤት ነው።

ከሁሉ በፊት የሄደው ባንዲራው ነው። ጠባቂው ልጅ ዕቃዋን ዳር ላይ አድርቆ ዞር ሲል ፍየል ብርቱካናማውን ጨርቅ በላችው። አክስቴ ከአሮጌ ነጠላዋ ቀድዳ ነጭ ሰጠችኝ። ነጩን ስተክል ሽማግሌው ከሩቅ አዩትና ፍጥነታቸውን ጨምረው መጡ። «ለማን ነው እጅ የሰጠነው?» አሉ። «ለዓሣው?» ቀይ አሰብኩ፤ የሚያስጠረጥር መሰለኝ። አረንጓዴም ሆነ ቢጫ ብቻውን ይሻላል ያለኝ የለም፤ እያንዳንዱ ቀለም ባለቤት አለው። መፍትሔው ከልብስ ሰፊው መጣ። ጓዳውን ሲፈትሽ ከአክስቴ አሮጌ ቀሚስ የተረፈ ቁራጭ አገኘ፤ ትልልቅ ሮዝ አበባ በአረንጓዴ ቅጠል። «አበባ አበባ ባንዲራ ያለው ወገን አይቼ አላውቅም» አለ። እኔም አላየሁም። ሽማግሌውም ሲያዩት ፊታቸው ፈታ አለ፤ ስትነሣ ባርኔጣቸውን ማውለቅ ተዉ፤ ልጆቹም መቆም ተዉ። የሚሮጥ ሰው ያገኘነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ቀጥሎ ብረቷ ደከመች። እንዳትታጠፍ ተብዬ ተመክሬ ነበር፤ ጠባቂው ልጅ ግን ሥራ ሁልጊዜ ዝግጁ መሆን ነው ብሎ ስለሚያምን ሌሊቱን ሁሉ በምላጭ እንደያዛት ያሳድራት ነበር። ዓሣ ሲነካት እንደ ታማሚ ቀና ትልና ትተኛለች። ለጃንጥላ ጠጋኙ ወሰድኳት። ነቀምቴ ከግንቦት እስከ መስከረም ስትዘንብ ስለምትከርም ጃንጥላ ጠጋኝ ከሐኪም እኩል ወረፋ አለው። አየት አደረጋትና «ነገ ና» አለኝ። ነገ ስሄድ የጃንጥላ ሽቦ ገጥሞላት ጠበቀኝ። ሽቦው ግን ሲታጠፍ ታጥፎ የሚቀር ሆነ፤ የጃንጥላ ሽቦ ጥበቡ መዘርጋት ነው እንጂ መነሣት አይደለም። ራሱን ነቀነቀና ዕቃው ውስጥ ሲያገላብጥ ቆይቶ የአሮጌ መኪና ዝናብ መጥረጊያ አወጣ። ከላስቲኩ ውስጥ ቀጭን የብረት ምላስ መዝዞ በጣቱ አጠፋትና ለቀቃት። ቷ! አለች። ድምፁ ራሱ ነው። እንዲያውም ከሚኒሶታዋ ይልቅ ደፋር ናት፤ ዓሣ ሳይጎርስ ዝም ብሎ ሲያያትም የምትነሣ ይመስለኛል።

ቅባቱም አለቀ። ጎሚስታው ግራሶ ሞላበት፤ ዘንጓ ከመክበዷ የተነሣ ቆሮሶ ያህል ዓሣ ሊያዞራት አቃተው። አክስቴ ለጋ ቅቤ ይሁን አለች፤ ወለጋ ውስጥ ቅቤ የማይፈታው ችግር የለም። ቅቤው እስከ ቀትር ድረስ ጥሩ ሠራ። ከዚያ የሽማግሌው ውሻ ዕቃዋን እስከ ማጠንጠኛዋ ላሳት። መድኃኒቱ እዚያው ልብስ ሰፊው ቤት ተቀምጦ ኖሯል፤ የስፌት መኪና ዘይት፣ ሁለት ጠብታ። ውኃው በማይረጋበት አገር ከዚያ በላይ ቅባት አያስፈልግም።

ከክንዶቿ አንዱን ደግሞ ወንበር መስሎት የተቀመጠበት ሰው ሰበረው። አናጢው በዋንዛ ተካልኝ። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመጥረብ ይመቻል፤ በእኛ አካባቢ በርም ወንበርም እሱ ነው። ሲጨርስ ሌላኛውን የፕላስቲክ ክንድ በሐዘን አየውና «ይሄም እስኪሰበር አትጠብቅ» አለኝ። ሁለተኛውንም ቀየረው። ወንጌላዊ ይመስል የመጣው ሁሉ ዕቃዬን ከፕላስቲክ ወደ ዋንዛ ሳይመልስ አልሄደም።

ይህን ሁሉ ተሸክማ አንድ ቀን ዓሣ ያዘች። ባንዲራዋ ተነሣች፤ ልጁ ጮኸ፤ አስጋሪዎቹ ቀዘፉ፤ ካላማዳሪያው ድንጋዩን እየጎተተ ወደ ሐይቁ መሐል ይሄድ ነበር። የወጣው አምባዛ ነው፤ ጢሙ እንደ ባላባት የተንዘረፈፈ። ዳር ላይ እልልታ ቀለጠ። ሽማግሌው ለኪራያቸው ቀረቡ፤ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ወዲያው ተመለሱ።

«ቅርፊት የለውም» አሉ።

የኦርቶዶክስ ልጅ ናቸው፤ በኦሪት ሕግ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም ብለው ያደጉ። እንግዲህ ኪራዩ በዓይነት አልተቀበሉትምና በጥሬ ገንዘብ ይሁን ተባለ። ዓሣውን የወሰደችው አክስቴ ናት። «ለጴጥሮስ ከሰማይ በወረደው አንሶላ ውስጥ ሁሉም ነበረበት» ብላ ጠበሰችው። አስጋሪዎቹ በዚያው ዕለት በመረባቸው ያወጡትን ቆሮሶ በጆንያ ጭነው ገበያ ሄዱ። የእኔን አንድ አምባዛ ከጎሚስታው፣ ከጃንጥላ ጠጋኙ፣ ከአናጢው፣ ከጠባቂውና ከግጦሹ ኪራይ ጋር ያሰበ ሰው፣ በዚያው ገንዘብ በግ ይገዛ ነበር። ጎሚስታው ይህን ስሌት ሲሰማ ተቆጣ። «በግ ብትገዛ እኛ የት እንገናኝ ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያች መንጠቆ ምክንያት የማላውቀው የእጅ ባለሙያ ነቀምቴ ውስጥ አልቀረም። ሠርግ ላይ ሰላም የሚለኝ ሰው በዝቷል፤ ሁሉም ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው «ተነሣች?» ብሎ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ስደውልለት ስለ ጠባቂው መናገር ትንሽ ከበደኝ። ብቻዋን ትጠብቅ ዘንድ የተሠራች ዕቃ ከነጠባቂዋ መሆኗን ሲሰማ ይስቃል ብዬ ነበር። ሳቀ፤ ግን በሌላ ነገር።

«እዚህም እኮ ሕግ ነው» አለኝ። «ሚኒሶታ ባንዲራህን ጥለህ መሄድ አትችልም። ከ200 ጫማ በላይ መራቅ ክልክል ነው። 60 ሜትር በለው።»

ስልኩ ድምጹ ከፍ ብሎ ነበርና አክስቴ ሰማች። «እንግዲያው ዓይን ከሚያየው ቦታ ከተቀመጡ ባንዲራው ምን ያደርጋል?»

«ዳስ ውስጥ ሆነን በመስኮት እንድናይ ነው እማ።»

«ከማን ጋር ነው የምትቀመጡት?»

«ከልጆቹ ጋር። ከነቀምቴም አሉ፣ ከጊምቢም፣ ከደምቢ ዶሎም። ቡና እናፈላለን።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ቡና ለማፍላት ሐይቅ መብሳት» አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኔ ግን ልቤ ተመለሰ። ይህች ዕቃ እዚያም እዚህም የምትሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ሰውን ካለበት አስነሥታ ውኃ ዳር ሰብስባ ታስቀምጣለች። ዓሣው ሰበብ ነው። ልዩነቱ እነሱ ዳስ አላቸው፣ እኛ በቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ አለችን።

ነገሩ እዚህ ያበቃል ስል የአበባው ባንዲራ ፎቶ ሚኒሶታ ደረሰ። እዚያ አንድ ሐይቅ ላይ ስንት ሰው ነው የሚሰፍረው፤ አብዛኛው ባንዲራ ብርቱካናማ ነው። አንዱ ሲነሣ ሦስት ዳስ ባዶውን ይቀራል፤ ሁሉም የኔ ነው ብሎ ይሮጣል። አበባ አበባው ግን ከሩቅ ይለያል። ልጆቹ አዘዙ። የሚኒሶታ ሕግ በበረዶ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት መንጠቆ ስለሚፈቅድ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት አዘዘ። ስለዚህ ከነቀምቴ ወደ አሜሪካ ከቡና ቀጥሎ የሚሄደው ዕቃ የበረዶ ዓሣ ማጥመጃ ባንዲራ ሆነ። ትርፉ ጥሩ ነው፤ መላኪያው ግን ከጨርቁ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሰው ሲሄድ ሻንጣ ውስጥ እንሸጉጣለን። አክስቴ የቀሚሷ ጨርቅ ሲያልቅ ሌላ ቀሚስ ሰጠች፤ አሁን አዲስ የሚገዛላትን ትጠብቃለች።

የተቸገርነው በዋጋው ነው። ልብስ ሰፊው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍተው ሱቁን ሳይሆን ስልኩን ነው። የአንድ ባንዲራ ዋጋ ስንት ነው ስለው «ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ ወይስ ነገ?» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ቀስ ብዬ ላባብለው ሞከርኩ።

«ስማ» አልኩት፣ «መጋቢት ሲያልቅ፣ ሚያዝያ ሲገባ እዚያ በረዶው ይቀልጣል። ከዚያ ማንም አያዝህም። አሁኑኑ ትንሽ ቀንስና ብዙ እንዲያዙ እናድርግ።»

የስፌት መኪናውን አቆመ። መርፌው ሥር ያለችውን የአበባ ቁራጭ በጣቱ አስተካከለ።

«ይቅለጥ» አለኝ። «ቀብድ ይላኩ። በረዶ ነው እንጂ ዶላር አይቀልጥም።»